ወርቅ የተነጠረበት ጣባ

ለዚህ ጉዞ ያስነሣኝ የስልክ ጨዋታ ነው። የታናሽ እህቴ የማርታ ባል ፈቀደ ወሬ አዋቂ ነው፤ ደውሎ ሳቅ ከጀመረ ስልኩን ቶሎ አይዘጋም። ወልቂጤ ላይ የብረት በርና መስኮት የሚሠራበትን ወርክሾፕ ከመክፈቱ በፊት ወደ ምዕራብ ሄዶ በአካፋና በገበቴ ወርቅ ሲያወጣ ከርሟል። ካቻምና መስቀል ሲደርስ፣ ጉራጌ መቼም መስቀልን አገሩ ካልገባ ሰው የሆነ አይመስለውም፣ መኪና እንዳያመልጠው ሲጣደፍ ገና ያልነጠረውን ወርቅ በሜርኩሪ እንደተለወሰ በጨርቅ ቋጥሮ እናቱ ቤት ይዞት ገባ።

"ታዲያ የት አነጠርከው?" አልኩት።

"እማዬ ጓዳ ነዋ ቲቸር! ምድጃው ላይ።"

"በምን?"

"በክትፎ ጣባ!" ሳቁ ለቀቀው። "እሳት የሚችል ሌላ ምን ዕቃ አለ? ሜርኩሪው ጢስ ሆኖ ሄደ፣ ወርቁ ቀረ። እማዬም ጣባዋን አጥባ ቦታው መለሰች።"

እኔ አልሳቅኩም። ቡታጅራ ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ሜርኩሪ፣ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት፣ ጢስ ሆኖ "እንደማይሄድ" በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር ነው። ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ መሬቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጣባን በመሰለ ሸክላ ውስጥ ደግሞ ተደላድሎ ይቀመጣል። ሙቀት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይተናል። ለጎልማሳም አይበጅም፤ ለፅንስና ለጨቅላ ግን ጠንቅ ነው። ማርታ ደግሞ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ወልቂጤ ሆስፒታል ወልዳ አራስ የምትሆነው ጉንችሬ፣ አማቷ ቤት፣ እዚያው ምድጃ አጠገብ ነው።

የሁለት ሴሚስተር መሀል ዕረፍት ነበር። አንሶላ ማጠብና ፈተና ማረም አስቤ የነበርኩት ሴት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ከቡታጅራ ዓለም ገና

ማርታ ያለችው ከዘቢዳር ተራራ ማዶ ነው። ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ተራራውን አየዋለሁ፤ ወፍ ብሆን ቁርሴን በልቼ እሄድ ነበር። በተራራው በኩል አቋራጭ እንዳለ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። እኔ ግን መዞር ነበረብኝ፤ ምክንያቱም አብራኝ የተማረችው ራሄል ዓለም ገና ትጠብቀኛለች። ራሄል በየፋብሪካው እየዞረች የሠራተኛ መተንፈሻ አየር የምትለካ ሰው ናት፤ አየር ውስጥ ያለ ሜርኩሪ የሚለካ መሣሪያ ለጥቂት ቀን ልታውሰኝ ቃል ገብታለች።

እስከ መናኸሪያው ያደረሰኝ የባጃጅ ልጅ "አሰላሙ አለይኩም" ካለኝ በኋላ እስክወርድ ድረስ ስለ ቤንዚን ሰልፍ ሲያማርር ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ከጎኔ የተቀመጠች ነጋዴ የማረቆ በርበሬ በማዳበሪያ አቅፋለች። ገና ኬላ ሳንደርስ ሹፌሩን ጨምሮ ሁላችንም ማስነጠስ ጀመርን። ሴትየዋ ግን ኮራ ብላ "በርበሬ ማለት ይሄ ነው! የአዲስ አበባው በርበሬ ምኑ ያስነጥሳል?" ትላለች። ተሳፋሪው በሳቅና በእንባ ቡኢ ገባ።

በጥር ይህ መንገድ ያምራል። እህሉ ተሰብስቦ የጭዱ ክምር በየደጁ ቆሟል፤ ጢያ ጋ ስንደርስ የቆሙትን ጥንታዊ ድንጋዮች ሁልጊዜ አንገቴን አስግጌ እፈልጋቸዋለሁ፣ ሁልጊዜም አውቶቡሱ ይቀድመኛል። አዋሽ ድልድይ ላይ ውሃው ቀጥኗል። መኪና ስለማይስማማኝ ሎሚ እያሸተትኩ ስለ ሌላው ነገር ላለማሰብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ራሄልን ዓለም ገና ዳቦ ቤት በር ላይ ቆማ አገኘኋት። መሣሪያው የተማሪ ቦርሳ የሚያህል ሣጥን ነው፤ ቀጭን ቱቦና ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮት አለው።

"ሶስና፣ ይህን ብትሰብሪው ደሞዜን እድሜ ልኬን ነው የሚቆርጡኝ" አለችኝ።

"እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የምሄደው።"

"እሺ ስሚኝ። መጀመሪያ ውጭ ለኪ። ከዚያ ቤት ውስጥ። ሸክላውን አንድ በአንድ በላስቲክ ከረጢት አስረሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪ፤ ሲሞቅ ቱቦውን አስገቢ። ያገኘሽውን እንዳትሰብሪው፣ እንዳታጥቢው፣ እሳት እንዳታስጠጊው። በመጥረጊያም አትጥረጊ። ትደውይልኛለሽ።" ከዚያ ፊቷ ፈታ አለና "ማርታን ሳሚልኝ" አለችኝ።

ወልቂጤ

ከዓለም ገና በኋላ ያለውን መንገድ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የተጓዝኩት። ቱሉ ቦሎን ስናልፍ ረዳቱ "እትዬ፣ ያንን ዕቃ ላይ እንጫነው" አለኝ። "እኔን ላይ ጫነኝ፣ እሱን ተወው" ስለው የኋላ ወንበር ሁሉ ሳቀ። ወሊሶ ላይ ሹፌሩ ለምሳ ሲቆም እኔ ሙዝ በላሁ፤ በባዶ ሆድም በጥጋብም ለሚያዞረው ሰው ሙዝ ነው የሚያዋጣው። ከዚያ በኋላ ያለው አገር እየቀላና እየለመለመ ይሄዳል፤ ወልቂጤ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ማርታ በር ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች። ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ ሳያት እንባዬ መጣ። እራት ላይ የመጣሁበትን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ፈቀደ መጀመሪያ ሊቀልድ ሞከረ፤ የማርታን ፊት ሲያይ ተወው።

"እዚሁ ትታረስ አቦ" አለ። "ምን አነታረከን?"

"እማማስ?" አለች ማርታ። "ቅቤውን ካነጠሩ ስንት ጊዜያቸው! ቡላውን ለብቻ አስቀምጠዋል፣ አልጋውን አዲስ አሠርተዋል። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ቤትሽ መርዝ ነው፣ አልመጣም ልበላቸው?"

"ሳንለካ ማንም ምንም አይበል" አልኩ። ማርታ እዚያ ቤት የመግባቷ ነገር ከነገው ልኬት በኋላ እንዲወሰን ተስማማን። እሷን ወልቂጤ ትተናት እንድንሄድ ግን በምንም አልሰማ አለች። አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ናት፤ በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች።

ጉብሬ፣ እምድብር፣ ጉንችሬ

ሚኒባሱ ጉብሬ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ወርደው ቦታ ሰፋ፤ ማርታን መስኮት ጋ አስቀመጥናት። ከዚህ በኋላ እንሰቱ ነው። በየቤቱ ጀርባ ሰፊ ቅጠሉን አንስቶ ቆሟል፤ በሌላ አገር አቧራ በሚነፍስበት በጥር እዚህ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ፤ የመጣሁበትን ነገር ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ፈቀደን ስለ ወርቅ ቦታው ጠየቅኩት። በዚህ ጊዜ ሳይስቅ ነገረኝ።

"ጭቃውን በሜርኩሪ እናሸዋለን። ወርቁን እየለቀመ እንደ ሊጥ ይድቦለቦላል። በባዶ እጃችን ነበር ቲቸር፣ ማን ጓንት ያውቃል? የተረፈውን ጭቃ ወንዝ ዳር እናፈሰዋለን።"

"ወርቁ ሲያልቅስ?"

"ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጉድጓዱ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይይዛል። ከብት ይጠጣዋል፣ ልጆች ይዋኙበታል።"

"ጭቃው?"

"ጭቃ የት ይሄዳል? እዚያው ነዋ።" ቀና ብሎ ማርታን አያት። "የእኔ ግን እዚያ የቀረ መስሎኝ ነበር።"

እምድብር ላይ ወርደን ትንሽ አረፍን። ከካቶሊክ ሚሲዮኑ ግቢ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይሰማል። ማርታ አቮካዶ አማራት፤ ፈቀደ ሮጦ ገዝቶ በቢላ ከፈለላት፣ እሷም መንገድ ዳር ቆማ በማንኪያ ስትበላ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መረቃት። ጉንችሬ ስንደርስ የገበያ ቀን አልነበረም፤ ከተማዋ ዝም ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። ከዚያ በእግር ነው። የሰፈሩ ጀፎረ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ቤት የተደረደረበት ያ ሰፊ የሣር መንገድ፣ እግር ያሳርፋል። ማርታ ጫማዋን አውልቃ ሄደችበት።

እማማ ዘነበች ቤት

የፈቀደ እናት እማማ ዘነበች ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን፣ እጃቸው ሥራ የማያጣ ሴት ናቸው። አማርኛቸው በጉራጊኛ ቅላፄ ይጣፍጣል። ማርታን ሆዷን ይዘው ጸለዩላት፣ እኔን አቀፉኝ፣ ሣጥኑን አዩና "ይሄ ደግሞ ምንድነው ልጄ?" አሉ።

"እማማ፣ ያ ፈቀደ ወርቅ ያነጠረበት ነገር ቤት ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ የሚያይ መሣሪያ ነው። ለሕፃን ጥሩ አይደለም። እንድለካ ይፈቅዱልኛል?"

"ኧረ ለኪ! የእኔ ቤት የሚደበቅ ነገር የለውም።"

ማርታን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። ደጅ ዜሮ። ቤት ውስጥ መግቢያው ላይ ዜሮ። ምድጃው አጠገብ ቱቦውን ወደ መሬት ሳስጠጋ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። የጉራጌ ቤት ጌጡ ግድግዳው ነው፤ ጥቁር የክትፎ ጣባዎች በቅቤ ተወልውለው እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። ፈቀደ አንዱን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን፣ "ያ ነው፣ በደንብ አስታውሰዋለሁ" አለ።

ሁሉንም አውርደን በላስቲክ አሰርንና ደጅ ደረደርናቸው። እማማ ዘነበች በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። "ጣባ እንደ ታመመ ልጅ ሙቀቱ ይለካል እንዴ? ጎረቤት ምን ይለኛል!"

ሲሞቁ አንድ በአንድ ለካኋቸው። ጠርዙ የተሸረፈው ዜሮ። ቀጣዩም ዜሮ። እስከ መጨረሻው ድረስ ዜሮ። ፈቀደ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እኔም ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። የምድጃው አካባቢ አፈር ብቻ ከሆነ ተነሥቶ ይጣላል፤ ጣባዎቹ ንጹሕ ናቸው። ራሄልን ላበሥራት ስልኬን አወጣሁ።

በዚህ መሀል እማማ ዘነበች የቡላ ገንፎ አገንፍተው ኖሯል። ለእኛ ከግድግዳው ጣባ በላስቲክ ያልታሸገ አልተረፈምና በሣህን ደጅ አቀረቡልን። ማርታን ግን "አንቺ ቆይ፣ ያንቺ ሌላ ነው" አሏትና ወደ ቆጡ ወጡ። ወርደው ደፍ ላይ ብቅ ሲሉ በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቅጠሉን በቀስታ ፈቱት። ጥቁር ጣባ ነው፣ በቅቤ የወዛ፣ አዲስ የሚመስል።

"ይሄ ልጄ ወርቅ ያገኘበት ነው" አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። "ካጠብኩት ወዲህ ማንም አልበላበትም። ግድግዳ ላይም አላዋልኩት። በረከት ያለበት ዕቃ ነው ብዬ ለአራሷ አኖርኩት። አራስነትሽን በሙሉ የምትበዪው በዚህ ነው። እስቲ ዛሬ ቅመሺበት።" ትኩሱን ገንፎ ሊገለብጡበት ማማሰያውን አነሡ።

"እማማ! ኧረ በጌታ!" ብዬ ጮኽኩ። ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። ጣባውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ መሣሪያው ሮጥኩ፣ በላስቲክ አሰርኩት፣ ፀሐዩ ላይ ብዙም ሳይቆይ ቱቦውን አስገባሁ። ቁጥሩ እየዘለለ ወጣ፣ ወጣ፣ መሣሪያው ይጮህ ጀመር። ፈቀደ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ።

እማማ ዘነበች ደፍ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ?" አሉ። "በእጄ፣ በየቀኑ፣ ትኩስ ትኩሱን እያጎረስኩ እኔ ነኝ ላጠፋቸው የነበርኩት?" አለቀሱ። ድምፅ የለውም ልቅሷቸው። እኔም አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። ማርታ ከዛፉ ሥር ተነሥታ እየከበዳት መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እማማ፣ ምን አጠፉ?" አለቻቸው። "ያለዎትን ትልቁን ነገር ነው ያቆዩልኝ። ይልቅ በማንም እጅ እንዲዞር ግድግዳ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ፣ ባለፈው መስቀል ቤተሰቡ ሁሉ ይበላበት ነበር።"

እውነቷን ነው። በክብር ጠቅልለው ቆጥ ላይ ማስቀመጣቸው ሁላችንንም አድኖናል።

አፈሩ

ራሄል በስልክ ምን እንደምናደርግ ነገረችን። ጣባው በሦስት ላስቲክ ታሽጎ ክዳን ባለው ባልዲ ገባ። ማርታን ጎረቤት ልከን በርና መስኮቱን ከፈትን። ምድጃው ዙሪያ ያለውን አፈር ፈቀደ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ውሃ እያርከፈከፈ ሊቆፍር ሲል እናቱ ዶማውን ቀሙት።

"አንተ ያመጣኸውን እኔ ነኝ የማወጣው!"

"እማዬ፣ ተይ እንጂ! እኔ ያመጣሁትንማ እኔው ላውጣው" አለ፤ በግድ መለሱለት። እሳቸው ግን ከበር ሆነው "እዚያ ጋ! አልነካኸውም! ጠለቅ አድርገህ!" እያሉ ሲያዙት ዋሉ። የተቆፈረውን አፈር ጄሪካን ውስጥ አሽገን፣ ከወንዝ ማዶ በመጣ ቀይ አፈር ቦታውን ሞላን። ጣባው የታጠበበትን ውሃ የት እንደደፉት ስጠይቃቸው ከጓዳው ጀርባ ያለ አንድ እንሰት አሳዩኝ። እዚያም ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ሥሩ ያለውን አፈር አነሣን፤ እንሰቱም ለቆጮ እንዳይፋቅ እማማ ቀይ ጨርቅ አሰሩበት።

በማግስቱ ጠዋት ምድጃው ሥር እሳት አንድደን፣ ክፍሉን አሙቀን፣ እሳቱ ሲከስም ለካሁ። ዜሮ። እንደገና ለካሁ። ዜሮ። እማማ ዘነበች ቁጥሩን ማንበብ ይችላሉ፤ ግን መነጽራቸውን አድርገው ሦስቴ አዩት።

"አሁን ትመጣለች?" አሉኝ፣ እንደ ልጅ ፈራ ተባ እያሉ።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ማርታ ከደጅ "እማማ፣ አዲስ ጣባ ይግዙልኝ እንጂ፣ አልጋዬንማ ለማንም አልለቅም!" ብላ ጮኸች። እማማ ዘነበች እልል አሉ። ያ እልልታ ጀፎረውን አቋርጦ ሄደ፤ ጎረቤት ማርታ የወለደች መስሎት ሮጦ መጣ።

መመለስ

ወልቂጤ ስንመለስ ማርታና ፈቀደ ጉዳዩን ለሐኪም ነገሩ፤ ናሙና ተወስዶ ተመርምሮ የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ በኋላ ተነገራቸው። እኔ ባልዲና ጄሪካኔን ይዤ ዓለም ገና ድረስ ተጓዝኩ። የአውቶቡሱ ረዳት ጄሪካኑን አንሥቶ "ምንድነው እንዲህ የከበደው?" አለኝ።

"አፈር።"

"አፈር? አዲስ አበባ አፈር ጠፋ እንዴ?"

"እንዲህ ያለ የለም" አልኩት። ራሄል ወንበሩ ላይ ፕላስቲክ አንጥፋ በመኪና መጥታ ተረከበችኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ታሽጎ ወደሚቀመጥበት ቦታ ወሰደችው። መሣሪያዋን ደህና መሆኑን አገላብጣ አየችና አቀፈችኝ።

ቡታጅራ ስገባ ገበያው ተበትኖ ባጃጆቹ ይርመሰመሳሉ። ቤቴ ገብቼ እግሬን ሞቅ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ብዙ አሰብኩ። ያ ወርቅ ቦታ ከጉንችሬ የስንት ቀን መንገድ ነው፤ መርዙ ግን በአንድ ሰው ጨርቅ ተቋጥሮ አራስ አልጋ አጠገብ ድረስ መጥቶ ነበር። ለተማሪዎቼ ሜርኩሪ ጢስ ሆኖ አይሄድም ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን በዚያ ብቻ አላበቃም፤ ስለ ጣባው እነግራቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሰው ፍቅር ምኑን የት እንደሚያስቀምጥ ሳይጠየቅ እንደማይታወቅ ተማርኩ። ግድግዳውን ለክቼ ጨርሼ ነበር እኮ።

ማርታ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ደውዬ እንኳን ማርያም ማረችሽ ስላት፣ ፕሮቴስታንት መሆኗን ረስቼ፣ ስቃ "እሺ፣ ጌታ ይመስገን" አለችኝ። ሕፃኗ ስትጠባ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩን አማቷ ነጠቋት።

"ልጄ፣ እናትየዋ በልታለች፣ ልጅቷ ጠግባለች፣ እሱን ተይው" አሉኝ ቶሎ ቶሎ። "ያቺን መሣሪያ ከጓደኛሽ ተዋሽና ነይ።"

"ምነው እማማ? ምን ተፈጠረ?"

"ከዚህ አገር ወርቅ ይዞ ለመስቀል የገባ የእኔ ልጅ ብቻ መሰለሽ? በየቤቱ ዞሬ ጠየቅኩ። ልጅሽ ወርቁን በምን አነጠረው፣ የት አስቀመጥሽው ብዬ ጠየቅኩ። ሴቶቹ ሁሉ እንደኔው ጣባውን በክብር አኑረውታል። አሁን ከየቆጣቸው አውርደው ደጅ ላይ አስረውት፣ ማንም ሳይነካው አንቺን እየጠበቁ ነው።"